ለሁለት ቀን ቀሪቦ የ80 ሺህ ብር አፕ?

ከጅማ ሄርማታ ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፣ ሲደገም ተናደድኩ። በአንቺ ግን አይደለም።

ያልሽው ባጭሩ ይህ ነው። አምና በማኔጅመንት ተመርቀሻል። እናትሽ ጅማ ላይ ቀሪቦ የተባለውን የገብስ መጠጥ እየጠመቁ ለሠርግ፣ ለጎረቤትና ለተማሪ ይሸጣሉ፤ ሊትሩ 60 ብር። ቲክቶክ ላይ የለቀቅሽው ቪዲዮ 40 ሺህ ጊዜ ታይቶ ሦስት ደንበኛ አመጣ። አንድ ልጅ የማዘዣ አፕ በ80 ሺህ ብር ልሥራልሽ ብሎሻል፤ ገንዘቡን አጎትሽ ሊያበድሩሽ ተዘጋጅተዋል። አባትሽ ግን «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» እያሉ የባንክ ፈተና ተፈተኚ ይሉሻል። አዲስ አበባ ሄጄ ዲጂታል ማርኬቲንግ ልሠልጥን ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

አፑን ተይው። ምክንያቱ ያለው እንደ ተራ ነገር ጣል አድርገሽ ባለፍሻት አንዲት መስመር ላይ ነው፦ «ሰኞ ሰኞ 20 ሊትር ያህል እንደፋለን»። ያናደደችኝ እሷ ናት። በመሸጫ ዋጋው በሳምንት 1,200 ብር፣ በዓመት 62,400 ብር ማለት ነው። የአፑን ዋጋ ሦስት አራተኛ እኮ ቦይ ውስጥ እየደፋችሁት ነው!

ቀሪቦ እንደ ቡና በጆንያ ተቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም። ገብሱ ጠቁሮ ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳር ይገባበታል፣ ሲበርድ እርሾ ይጨመርበታል፣ አድሮ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ጣዕሙ መሄድ ይጀምራል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናትሽ ያውቁታል። ስለዚህ ችግራችሁ ሰው ስለ እናንተ አለማወቁ አይደለም፤ ነገ ስንት ሊትር እንደሚሸጥ እናንተ ዛሬ አለማወቃችሁ ነው። ስልክሽ ይህን ይሥራልሽ። ቪዲዮሽን ካዩት ውስጥ አዲስ አበባና ሪያድ የተቀመጠው ሰው ጅማ መጥቶ አንድ ብርጭቆ አይጠጣልሽም።

እንዲህ አድርጊ። ቴሌግራም ቻናል ክፈቺ፤ ነጻ ነው፣ ደንበኛሽም ቴሌግራምን ከጫነው ቆይቷል። ግሩፕ ግን እንዳትከፍቺ፣ በማግስቱ የጫማ ማስታወቂያ ይሞላበታል። ጠዋት ጠዋት አንድ መልዕክት ልቀቂ፦ «የነገ ቀሪቦ፣ እስከ 10 ሰዓት እዘዙ»። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፤ ጅማ ላይ ተቀምጠሽ በአንዱ ብቻ ከጻፍሽ ብዙ ደንበኛ ያመልጥሻል። ያዘዘ ሰው ግማሹን በቴሌብር ይክፈል፣ ያልከፈለ አይቆጠርም። 10 ሰዓት ሲሆን ቆጥረሽ ለእናትሽ ትነግሪያለሽ፤ ገብሱ በዚያው ልክ ይቆላል፣ ለድንገተኛ ገዢ ትንሽ ይታከልበታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ካሉት ተማሪዎች አንዱን ያዢ፤ የጓደኞቹን ትዕዛዝ ከሰበሰበ ለራሱ አንድ ሊትር በነጻ። አፑ የሚሠራልሽ ከዚህ አይበልጥም።

ከቴሌግራሙ እኩል አንድ ደብተር ያስፈልግሻል። ሦስት ዓምድ፦ የተጠመቀ፣ የተሸጠ፣ የተደፋ። ሮመዳን ላይ ለማፍጠሪያ የሚፈለገውና ተማሪው ለዕረፍት ሲወጣ የሚፈለገው አንድ እንዳልሆነ በግምት ታውቂዋለሽ፤ በቁጥር ግን አታውቂውም።

ምናልባት የሙያዬ ልክፍት ይሆናል። 11 ዓመት በአንድ አነስተኛ ብድር ተቋም ብድር ስመረምር ኖሬያለሁ። «በቀን ስንት ትሸጫለሽ?» ስል የሚመለስልኝ «ተመስገን ነው» ነበር። በተመስገን ላይ ደግሞ ብድር አይጻፍም። ጎበዝ ጎበዝ ሴቶችን ባዶ እጃቸውን መልሻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ባማረ ባነርና አርማ ተታልዬ ለአንድ ጁስ ቤት ፈረምኩ፤ በስድስት ወሩ ተዘጋ። ዛሬ ቢያንስ ስልኩ ራሱ ይመዘግባል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ገንዘብ መላኪያ ብቻ ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ እነ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉት ብድሮች መጡበት። በሒሳብሽ የሚገባና የሚወጣው ገንዘብ ስለ አንቺ ይመሰክራል።

እናንተ ግን ይህን ምስክር ለወንድምሽ ሰጥታችሁታል። የደንበኛ ክፍያ የሚገባው በእሱ ስልክ ነው ብለሻል፤ «አንዳንዴም ይጠቀምበታል»። ይህ የቤተሰብ ፍቅር አይደለም፣ ቀዳዳ ነው። በዚህ ሳምንት በእናትሽ ስም ለንግዱ ብቻ የሚሆን ቁጥር ይውጣ። ደንበኛ የሚያሳይሽን ስክሪንሾትም አትመኚ፤ ከቴሌብር ከ127 ወደ ንግዱ ቁጥር መልዕክት ካልደረሰ ወይም ሒሳቡን ከፍተሽ ካላየሽው አልተከፈለም።

ሌላም አለ። የወጪ ዝርዝርሽ ላይ ገብስ፣ ስኳር፣ እርሾና ከሰል አሉ። እናትሽ የሉም። ሌሊት 9 ሰዓት የሚነሳ ሰው ደመወዝ ከሌለው ትርፍ ያልሽው ትርፍ አይደለም። የእሳቸውን ደመወዝ አስገብተሽ ደግመሽ አስዪው፤ 60 ብሩ ራሱ ሳያንስ አይቀርም።

ስለ አባትሽ። የባንኩን ፈተና ተፈተኚ፣ የሚፈጅብሽ አንድ ቀን ነው። ብታልፊም ትዕዛዝ መቀበሉን ከሥራ መልስ ሳይሆን በምሳ ሰዓት ትሠሪዋለሽ። ግን ደብዳቤሽ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የደብተርሽም የዩኒፎርምሽም ገንዘብ ከቀሪቦው ነበር ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ሲሉ ያስተማረሽ ማን እንደሆነ በትህትና አስታውሻቸው። ደስ አይላቸውም። ይሁን።

አጎትሽን አመስግነሽ ገንዘቡን አትውሰጂ። ለሥልጠናው 350 ኪሎ ሜትር መጓዝ አያስፈልግሽም። ቤታችሁን ጎግል ካርታ ላይ አስመዝግቢ፣ የሠርግ አዛዥ ሲጠይቅ በስልክ አቅጣጫ ከመንገር ትገላገያለሽ። ሃይላንድ ሞልተሽ በባጃጅ ስትልኪ ደግሞ አፉ ድረስ አትሙዪው፤ እርሾው መንገድ ላይም ይሠራል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ክዳኑ ሲፈናጠር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሰኞ ጀምረሽ ለአራት ሳምንት ደብተሩን ሙዪና የሦስቱን ዓምድ ፎቶ ላኪልኝ። የሚደፋው ከ20 ሊትር ወደ 5 ካልወረደ ስለ አፑ ያኔ እንነጋገራለን።