«ፍሬን ያዘ» ስንል የያዘው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባ ነኝ። ጣርማበር ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ አንዲት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ድንገት ቆማ ከኋላዋ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ገጫት። ሾፌሩ «እኔ ፍሬኑን አልነካሁም፤ ራሷ ናት የያዘችው» አለኝ። መዝገቡ ላይ «ሾፌሩ በድንገት ፍሬን በመያዙ» ብዬ ልጻፍ? መኪናዋንስ «በራሱ የሚነዳ» ከሚባለው ዓይነት ልመድባት?

መልስ፦ ከስያሜው ልጀምር። «የሚነዳ» የሚለው ቃል በጽሑፍ አንድ ቢሆንም ንባቡ ሁለት ነው። «ነ» እና «ዳ» ላልተው ሲነበቡ፣ «ታክሲ የሚነዳ ልጅ» እንደምንለው፣ ነጂውን ያመለክታል፤ ጠብቀው ሲነበቡ ግን፣ «በቅጥር ሾፌር የሚነዳ መኪና» እንደምንለው፣ ተነጂውን። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፣ ዋናው ጥያቄ «ማን ነዳ?» በሆነበት መዝገብ ላይ ይህን ቃል ብቻውን መተው አደገኛ ነው። «ራሱን የሚነዳ» ቢባል ግን የተሳቢው «ን» ግሱን አላልቶ ማንበብን ግድ ስለሚል አንባቢ አይሳሳትም። «አውቶማቲክ» የሚለውን አልመክርም፤ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ለሚገዛ ሰው «አውቶማቲክ ናት» ቢሉት የሚያስበው ካምቢዮዋን ነው።

ይሁንና የጠቀሷት መኪና ለዚህ ስም አልደረሰችም። ኤስኤኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው፣ መኪና ምን ያህል ራሷን እንደምትነዳ በሚለይ ምደባ ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 5 ሲሆኑ፣ ግጭት ሲያሰጋ ለቅጽበት ብቻ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት መኪናዋን ከ0 ከፍ አያደርጋትም። «የድንገተኛ ፍሬን አጋዥ ያላት» ማለት ይበቃል። ስያሜ ቀላል ነገር እንዳልሆነ በአሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ቴምፒ ከተማ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ታይቷል፦ በሙከራ ላይ የነበረች ራሷን የምትነዳ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭታ ገደለች። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት መሣሪያው ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ ቀድሞ አይቷት ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ስሟን ሲቀያይር፣ በየቅያሪው ቀድሞ የተከታተለውን እንቅስቃሴዋን ከግምት ያወጣው ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያመኛል።

አሁን ወደ ግሱ። ከጣልያንኛ የወረስነው «ፍሬን» ከ«ያዘ» ጋር ሲሄድ ሁለት ትርጉም ይሰጣል፦ «ፍሬን ያዘ» ስንል የያዘው ሰው ነው፣ «ፍሬኑ ያዘ» ስንል ግን ፍሬኑ ሠራ ማለታችን ነው። ሰው ብቻ በሚነዳበት ዘመን የግሱን ባለቤት ባንጠራም ያው ሾፌሩ ነበርና ግሱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን «ሾፌሩ ፍሬን በመያዙ» ብለው ሲጽፉ ፍሬን ሲይዝ ያላዩትን ሰው ጥፋተኛ ያደርጋሉ፤ «ፍሬን በመያዙ» ብለው ቢተዉት ደግሞ አንባቢው በልማድ ሾፌሩን ይሞላበታል። የብዙ መዝገቦች ድምር ስታቲስቲክስ ሲሆን፣ የመሣሪያው ሥራ ሁሉ በ«ሾፌር ስሕተት» ሥር ይገባል ማለት ነው።

ማስረጃውም ከምስክር አንደበት ወደ መኪናዋ መዝጋቢ መሣሪያ እየተሻገረ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ የክስተት መዝጋቢ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ መዝጋቢው ከግጭቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰከንዶች የፍሬኑን ሁኔታና ፍጥነቱን ያስቀምጣል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ትእዛዝ አምራቾች ከፍ ያለ አጋዥ ሥርዓት በግጭቱ ወይም ከዚያ በፊት ባሉት 30 ሰከንዶች ውስጥ ሲሠራ ከነበረ ሪፖርት እንዲያደርጉ ጠየቀች። ስለዚህ «ሾፌሩ እንደተናገሩት» እና «ከመኪናዋ መዝጋቢ እንደተነበበው» የሚሉት ሐረጎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቀላቀል የለባቸውም።

ለያዙት ጉዳይ እንዲህ ቢጽፉ ይሻላል፦ «መኪናዋ በጉም ውስጥ ድንገት ቆማ ከኋላ ተገጭታለች። ሾፌሩ እንደተናገሩት ፍሬን የያዘው የመኪናዋ አጋዥ ሥርዓት ነው፤ ከመዝጋቢው ገና አልተነበበም።» አደራ፣ «ያዘች» ብቻ ብለው አይለፉት፤ መኪናን በአንስታይ ጾታ መጥራት ልማዳችን ነውና፣ በሌላ ቀን ሾፌሯ ሴት የሆነች እንደሆነ ያ ግስ ማንን እንደሚል አይታወቅም።