ትራክተሩ የቆመ ጊዜ

አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ በአሜሪካ እርዳታ በሚሠራ ፕሮጀክት ተቀጥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ እሷም ከሥራ ወጣች። «ጋሼ፣ የተደገፍነው ትልቅ አገር ጥሎን ሲሄድ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔ ያደግሁት ኩባ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ሚሊሻ ሆኖ ኦጋዴን ዘምቶ በዚያው ቀረ። እንደኔ ያሉ ልጆች የወጣቶች ደሴት ወደሚባለው የኩባ ደሴት ተላክን። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ እንሠራለን። ስፓኒሽ እየለመድን ስንሄድ አማርኛችን እየሳሳ መጣ። በኋላ እርሻ አጠናሁ።

ያኔ ነዳጁም፣ ትራክተሩም፣ ማዳበሪያውም ከሶቪየት ኅብረት ነበር። ኩባ ስኳር ትልካለች፤ ሞስኮ ከገበያ ዋጋ በላይ ትገዛታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ፈረሰች፣ ሁሉም ቀረ። እስከ 1993 ድረስ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲሶው ያህል ጠፋ። አውቶቡስ ሲጠፋ ከቻይና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ገባ። ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ ሕመም ከ50 ሺህ በላይ ሰው ዓይኑንና ነርቩን ታመመ። ችግሩን አይቼዋለሁ፤ ማንም እንዲያሞካሸው አልፈልግም።

ነዳጅ አልቆ ትራክተሩ ሲቆም በሬ መግራት የሚችሉ ሽማግሌዎች በየገጠሩ ተፈለጉ። የተማሩት መሐንዲሶች ከእነሱ ሥር ሆነው ይማሩ ጀመር። አንድ ቀን የእርሻው ኃላፊ እኔን ጠራኝ። «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፤ የእናንተ አገር በበሬ ነው የሚያርሰው። እስቲ አሳየን» አለኝ። ሁሉም ከበው ያዩኛል። እኔ ግን ዕርፍ ጨብጬ አላውቅም። አባቴ በልጅነቱ የቻለውን ሥራ እኔ በዲግሪ አልቻልኩትም። ሊያስተምረኝ ዕድሜ አላገኘም፤ ትምህርት ቤትም ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ነበር የተነገረኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ፕሮፖዛል ስትጽፉ አንደኛ ናችሁ። የወረዳው አዋላጅ ያለ በጀት እንዴት እንደምትሠራ ስጠይቃችሁ ግን ዝም ትላላችሁ። ይህ ያሳስበኛል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መዝገቡንና የሠለጠኑትን ሰዎች ስልክ ለጤና ጣቢያው አስረክቡ፤ ብዙ ጊዜ እሱም አብሮ ይጠፋል።

ብቻችሁን ቻሉት እያልኩ ግን አይደለም። ኩባም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2000 ከቬንዙዌላ ጋር ተዋውላ በርካሽ ነዳጅ ተነፈሰች። ሰውን በጨለማ አስቀምጦ ራስን ቻልኩ ማለት ጭካኔ ነው። ግን ያም ነዳጅ እየቀነሰ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 መላ አገሪቱ መብራት ጠፋባት። ስለዚህ ነገ ሌላ ትልቅ አገር ሲመጣ እጁን አትመልሱ። መሣሪያውን የሚጠግነው ሰው እዚሁ ይሠልጥን በሉ፤ መለዋወጫውም ከሌላ ቦታ የሚገዛ ይሁን። ሁለቱንም ፊርማ ሳታኖሩ ውሉ ላይ አስጽፉ።