ገፍተህ ስትለቀው የሚወርደው ክር

የአንባቢው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በኤሌክትሪክ ጊታር የታወቁ የሮክ ዘፈኖችን ሲለማመድ ቆይቷል። ስድስቱንም ክር በመቃኛ መሣሪያ አስተካክሎ ይጀምራል። ፓወር ኮርዶቹ (ሁለት ድምፅ ብቻ አብረው የሚመቱባቸው) ደህና ይሰማሉ፤ ሙሉ ኮርድ ሲይዝ ግን ይጎረብጣል፤ ለሶሎ ወደ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (ፍሬት አንገቱን አቋርጦ የተተከለው ቀጭን ብረት ነው) ሲወጣ ደግሞ ጭራሽ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም። ሦስተኛውን ክር በጣቱ ገፍቶ ድምፁን ካነሣ በኋላ የክሩ ድምፅ ወርዶ ይቀራል። ሲቃኝ «ጢን» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በፊት ክሩ ከፍሬት ጋር እየተጋጨ ይንጣጣ ስለነበር ለጥገና ሰጥቶት፣ ጠጋኙ ሙጫ አድርጎበት መልሶለታል። ከዚያ በኋላ ከ9 ቁጥር ወደሚወፍረው 11 ቁጥር ክር ተሻግሯል። አምፕሊፋየሩ ያጉረመርም ስለነበርም (ክሮቹን ሲነካ ይቀንሳል) አንድ ወዳጁ የስፒናውን ሦስተኛ እግር፣ የመሬት መስመሩን፣ ቆርጦለታል። «ጥፋቱ የጆሮዬ ነው ወይስ የጣቴ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጆሮህ ጤነኛ ነው። ጣትህም ቢሆን የሚወቀስበት ነገር የለም። ግን ስለ ክሩ ከማውራታችን በፊት ስፒናውን ከግድግዳው ንቀለው። አሁኑኑ። ባለ ሦስት እግር አዲስ ስፒና እስኪገጠምለት፣ የግድግዳው ሶኬትም ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር እንዳለው በቴስተር እስኪረጋገጥ ድረስ በዚያ አምፕሊፋየር አትጫወት። የጊታርህ ክሮች በድልድዩ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት ብረት) እና በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። ውስጡ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ የግድግዳው ኤሌክትሪክ መውጫ የሚያገኘው በአንተ እጅ በኩል ነው። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው መሬት ያልያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። ክሮቹን ስትነካ ጉርምርምታው መቀነሱ ደግሞ የጊታሩ የመሬት ሽቦ እንደሚሠራ የሚያሳይ ምልክት እንጂ እግር የሚያስቆርጥ በሽታ አልነበረም። ከኒዮን መብራትና ከኮምፒውተር ራቅ ብለህ ብትቀመጥ ይበቃህ ነበር።

አሁን ወደ ክሩ። «ጢን» ያልከው ድምፅ ሁሉን ነግሮኛል። ጥርጣሬዬ ነቷ ላይ ነው፤ ክሮቹ ከመቃኛ ቁልፎቹ ወርደው ወደ አንገቱ የሚገቡባት፣ ስድስት ቦይ ያላት ትንሽ ቁራጭ ማለቴ ነው። ጠጋኙ ክሩን ከፍሬት ለማራቅ ቦዩ ውስጥ ያፈሰሰው ሙጫ አጥብቦታል፤ አንተ ደግሞ በጠበበው ቦይ ወፍራም ክር አስገባህበት። ክሩን በጣትህ ስትገፋ ከነቷ ማዶ ካለው ክፍል ጥቂት ይሳባል፤ ስትለቀው ቦዩ ነክሶ ስለሚይዘው አይመለስም። በመጫወቻው በኩል ላልቶ ይቀራል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሙጫ ለነት መጠቀም በራሱ ነውር የለውም፤ ሞልቶ፣ አድርቆ፣ በልኩ መልሶ ለሚሞርድ ሰው። አፍስሶ መስጠት ግን ጥገና አይባልም፤ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ጊታር ይመጣልኛል፣ ሁልጊዜም ያናድደኛል።

እንዲህ አድርግ። አንድ ክር ብቻ አላላና ከቦዩ አውጣው። ያረጀ የተጠቀለለ ክር (በላዩ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት) ካለህ ከዚያው ከምትጠቀምበት ውፍረት ቁረጥና በቦዩ ውስጥ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሳበው። (ክር ስትቆርጥ መጀመሪያ አላላው፤ ተወጥሮ ሳለ በፒንሳ የተቆረጠ ክር ዓይን ያጠፋል።) ላልተጠቀለሉት ቀጭን ክሮች የታጠፈ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ግድግዳውን አስፋ እንጂ ወለሉን አታጥልቅ። ከዚያ የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ በቦዩ ውስጥ አድርግና ክሩን መልስ። ልኩን ለማወቅ ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫነውና አንደኛው ፍሬት ላይ ተመልከት፤ በክሩና በፍሬቱ መካከል ከቀጭን ወረቀት ያልበለጠ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ፍሬቱ ላይ ከተኛ ቦዩ ጠልቋል፤ ነቷን ቀይራት። ስትቀይር ከአጥንት የተሠራውን ግዛ። በርካሽ ጊታሮች ላይ የሚመጣው ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ ክሩን ይነክሳል፣ ቶሎም ይበላል።

ሁለተኛው ችግር የአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ነው። ይህን ጠንቅቆ የተረዳ ሰው ጊታሩን ዕድሜ ልኩን ራሱ ያስተካክላል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሠኝ። ከነቷ ጀምሮ ክሩን ድልድዩ ላይ እስከ ተሸከመችው ብረት፣ ማለትም እስከ ኮርቻዋ ድረስ ያለው ርዝመት በብዙ የፌንደር ጊታሮች 648 ሚሊ ሜትር፣ በብዙ የጊብሰን ጊታሮች 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የዚህ ግማሽ ላይ ይቀመጣል፤ በ648ቱ 324 መሆኑ ነው። ክር በግማሽ ሲያጥር እርግብግቢቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሳይያዝ በሴኮንድ 196 ጊዜ የሚርገበገበው ሦስተኛው ክር እዚያ ላይ 392 መድረስ አለበት። ስሌቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ክሩ ፍሬቱን ለመንካት ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ሲል መንገዱ በጥቂቱ ይረዝማል፤ ሁለቱም ጫፎቹ ስለታሰሩ የሚረዝመው እየተወጠረ ነው፤ ሲወጠር ድምፁ ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ብረት ግትር ነው፤ ጫፎቹ አካባቢ እንደ መሐሉ በነፃነት አይርገበገብም፤ ስለዚህ በሥራ ላይ የሚውለው ርዝመት በማስመሪያ ከምትለካው ያንሳል። ክሩ በወፈረ ቁጥር ይህ ይብሳል። መድኃኒቱ ኮርቻዋን ወደ ኋላ ወስዶ ለክሩ ትርፍ ርዝመት መስጠት ነው። በደንብ የተስተካከለ ጊታር ኮርቻዎች አንድ መስመር ላይ የማይሰለፉት ለዚህ ነው። ከቀጭኑ ክር ጀምረው ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ የተጠቀለሉት ላይ ሲደርሱ፣ የእነዚያ ውስጣዊ ሽቦ ቀጭን ነውና፣ ወደ ፊት ይመለሱና እንደገና ይሸሻሉ። ያንተዎቹ ለ9 ቁጥር ክር በተለኩበት ቦታ ቆመው 11 ተሸክመዋል።

አዲስ ክር ካልሆነ አትጀምር፤ ያረጀ ክር ልክ አይሰጥም። ጊታሩን እንደምትጫወትበት ይዘህ ቃኝ። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ልክ ክሩን ሳትጫን ነካ አድርገህ ምታና መቃኛው የሚያሳየውን እይ፤ ከዚያ እዚያው ተጭነህ ምታ። የተጫንከው ከፍ ካለ ኮርቻዋን ከአንገቱ አርቃት፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርባት። ካቻቢቴ ወይም ብሩጎላ ይበቃሃል። ሩብ ዙር አዙር፣ መልሰህ ቃኝ፣ መልሰህ ለካ። ፒክአፑ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ባለ ማግኔት ክፍል) ለክሩ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ መቃኛውን ያወናብዳል፤ ሲለካ ዝቅ አድርገው። አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ግን ለጊዜው አትንካው።

ፓወር ኮርዱ ለምን ደህና እንደተሰማህ ልንገርህ። ሁለቱ ድምፆች 3 ለ 2 በሚባል ቀላል ምጣኔ የተያያዙ ስለሆኑ በዲስቶርሽን (የሮክ ጊታርን ድምፅ በሚያሻክረው ውጤት) ውስጥም ተስማምተው ይወጣሉ። ሙሉ ኮርድ ግን ሦስተኛ ድምፅ ይጨምራል፤ ዲስቶርሽን ደግሞ የእርሷን ትንሽ ስህተት አጉልቶ ያወጣል። ስለዚህ ስታስተካክል ዲስቶርሽኑን አጥፋ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፦ ብዙ የሮክ ቅጂዎች በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በአንድ ፍሬት ልክ፣ ዝቅ ተደርገው የተቃኙ ናቸው፤ ጊታርህ ተስተካክሎም ከቅጂው ጋር ካልገጠመ ስድስቱንም ክር በግማሽ ድምፅ አውርደህ ሞክር።

ሦስተኛው ክር ከዚህ በኋላም ወርዶ ከቀረ በመቃኛ ቁልፉ ላይ የጠቀለልከውን ቁጠር። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል፤ ሰባት ዙር ከጠቀለልክ የሚላላው እዚያ ነው። እርሱም ካልሆነ አንደኛው ፍሬት ላይ ያየኸውን ክፍተትና አሥራ ሁለተኛው ላይ ያገኘኸውን ልዩነት ጽፈህ ላክልኝ። አምፕሊፋየሩን ግን አንተ አትክፈተው፤ በተለይ ባለ ቱቦ (በመስታወት ቫልቭ የሚሠራ) ከሆነ፣ ከግድግዳው ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ስፒናውንም የሚቀይርልህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሁን፤ እስኪመጣ ድረስ ጊታሩን አምፕሊፋየሩ ላይ ሳትሰካ ተለማመድ።