የብሪጁ ቦታ ከየት ይለካል?

ጥያቄ፦ ከዋንዛ እንጨት የኤሌክትሪክ ጊታር አካል እየሠራሁ ነው። አንገቱን ፍሬቶቹ (ክሩ የሚጫንባቸው የብረት ዘንጎች) የተተከሉለትን ገዝቻለሁ፤ ሻጩ የክሩ መለኪያ፣ ማለትም የሚንቀጠቀጠው የክር ርዝመት፣ 648 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነግሮኛል። ብሪጁ (ክሮቹን በአካሉ ላይ የሚይዘው ክፍል) ስድስት ተንሸራታች ሳድሎች፣ ማለትም እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸው ትንንሽ ቁራጮች፣ አሉት። ልኬቱ የሚያርፈው በብሪጁ ወገብ ላይ ነው ወይስ በሳድሎቹ ላይ? እንጨቱ እንዳይበላሽብኝ ሰግቼ እስካሁን አልበሳሁም።

መልስ፦ አለመቸኮልዎ ተገቢ ነው፤ በተሳሳተ ቦታ የተበሳ የብሪጅ ቀዳዳ ሊደፈን ቢችልም እንኳ ድካሙ ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሻጩን ቁጥር በራስዎ እጅ ያረጋግጡ። ከነቱ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) በፍሬቶቹ በኩል ካለው ጠርዝ ጀምሮ እስከ 12ኛው ፍሬት አናት ድረስ ይለኩ፤ 12ኛው ፍሬት የክሩ አጋማሽ ስለሆነ 324 ሚሊ ሜትር ካገኙ መለኪያው በእርግጥም 648 ነው። 314 ገደማ ካገኙ ግን አንገቱ የአጭሩ፣ ማለትም የ628ቱ ዓይነት ስለሆነ በ648 የተሠራ የወረቀት ሥዕል ካለዎት ይተዉትና በአንገቱ ይመሩ።

ልኬቱ የሚያርፈው በብሪጁ ወገብ ላይ ሳይሆን ክሩ ሳድሉን በሚነካበት ነጥብ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ክሩን ፍሬት ላይ ሲጫኑት ስለሚወጠር ድምፁ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህን ለማካካስ እያንዳንዱ ሳድል ከ648 መስመር ወደ ኋላ፣ ከነቱ ራቅ ወዳለው አቅጣጫ፣ መሸሽ ይኖርበታል። ለቀጭኑ ክር 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለወፍራሙ ግን 4 ወይም 5 ያስፈልጋል። ስለዚህ የቀጭኑን ክር ሳድል ወደ ፊት አምጥተው፣ ከፊቱ ጥቂት መላወሻ ብቻ አስቀርተው፣ ልክ በመስመሩ ላይ ያቁሙትና ብሪጁን በዚያ ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ብሪጁን ወገቡ ላይ አስልቶ ማሰር የሳድሎቹን ግማሽ መንገድ በማያስፈልገው አቅጣጫ ያባክናል፤ ወፍራሙ ክርም የሚሸሽበት ቦታ ሊያጣ ይችላል። በሁለት ምሰሶ ላይ የሚቆመው፣ ጊታር ሠሪው ጊብሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዓይነት ብሪጅ ቢሆንልዎ ኖሮ፣ የሳድሎቹ መንገድ አጭር በመሆኑ ብሪጁ ራሱ በወፍራሙ ክር በኩል ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ መተከል ነበረበት።

ብዙ ጀማሪዎች ርዝመቱን በጥንቃቄ ለክተው ጎኑን ይዘነጉታል። አንገቱን በብሎኖቹ አስረው፣ በነቱ ዳርና ዳር ባሉት ሁለት ቦዮች ሁለት ቀጭን የስፌት ክሮች አሳልፈው እስከ ዳር ሳድሎች ይወጥሩ፤ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ሁለቱም ከአንገቱ ጠርዝ እኩል መራቅ አለባቸው። አንዱ ወደ ጠርዙ ከቀረበ በጨዋታ ጊዜ ከፍሬቱ ይወጣልና ብሪጁን ወደ ጎን ያንቀሳቅሱ። የአካሉ የመካከል መስመር ለሥዕል ይጠቅማል፤ ፍርዱ ግን የአንገቱ ነው። የፒክአፑን (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል) ጉድጓድም ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ ይቆፍሩ። ብሪጁን ከማሰርዎ በፊት ከሥሩ የኤርዝ ሽቦ የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ አይርሱ፤ ያለ እርሱ ጊታሩ ከድምፅ ማጉያ ጋር ሲገናኝ የሚያስቸግር ጉምጉምታ ይኖራል።

የመጨረሻው ማስተካከያ የሚደረገው በአዲስ ክርና የክሮቹ ከፍታ ከተወሰነ በኋላ ነው፤ ከፍታው ሲለወጥ ውጥረቱም ይለወጣልና። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነክተው የሚወጣውን ድምፅ፣ ከዚያም ተጭነው የሚወጣውን በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ) ያነጻጽሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ነቱ ያምጡት፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም ክሩን እንደገና ይቃኙ።