ቢራን ከቢራ ጋር ማወዳደር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ስድስት ጓደኛሞች ነን። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ማታ ከአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን፣ ትናንሽ ጠማቂዎች የሚያወጧቸውን፣ እዚህ ክራፍት ቢራ የሚባሉትን እየቀመስን እናወዳድራለን። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ይዘን እንመጣና ለእያንዳንዱ ቢራ ከዐሥር ነጥብ እንሰጣለን። ችግራችን ምሽቱ በገፋ ቁጥር ነጥቡ እየጨመረ መሄዱና ሁልጊዜ የአልኮል መጠኑ ከፍ ያለው ቢራ ማሸነፉ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ አንዱ ጓደኛችን አይፒኤ የተባለውን መራራ ቢራ ቢያመጣ ሌላው «ይህማ ኮሶ ነው» ብሎ ዜሮ ሰጠው፤ ያመጣውም ሰው ተቀየመ። በቅንነት ለማወዳደር ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የጠርሙሱን ብዛት እንመልከት። የተለመደው የአሜሪካ ጠርሙስ 355 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ ዐሥራ ሁለቱ ጠርሙሶች ለስድስት ሰው ሲካፈሉ ለእያንዳንዳችሁ 710 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ከቢራዎቹ ብዙዎቹ 7 እና 8 በመቶ አልኮል ያላቸው ከሆኑ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ብርጭቆዎች ፊት የሚቀመጠው ሰው መጀመሪያ ላይ የነበረው ቀማሽ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጠርሙስ ብቻ ያምጣ። አንዱ ጠርሙስ ለስድስት ሲከፈል ለያንዳንዱ 59 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም ሁለት ጊዜ ለማሽተትና ሦስት ጊዜ ለመጎንጨት በቂ ነው። እንዲህም ሆኖ መኪና ይዞ የመጣ ሰው እንዳይነዳ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር የምታወዳድሩት ምኑን ከምን ጋር ነው የሚለው ነው። የገብስ ጠላን ከጠጅ ጋር አቅርቦ «ጠጁ ይበልጥ ይጣፍጣል» ብሎ የሚፈርድ ሰው ስለ ጠላውም ስለ ጠጁም የነገረን ነገር የለም። ፒልስነር የተባለውን ቀላል ወርቃማ ቢራ ከአይፒኤ፣ አይፒኤን በውስኪ በርሜል ከቆየ ስታውት ከተባለ ጥቁር ቢራ ጋር በአንድ መለኪያ መመዘንም ከዚህ አይለይም። በየወሩ አንድ ዓይነት ምረጡ፤ አንድ ቅዳሜ ስድስት ፒልስነር፣ ሌላ ቅዳሜ ስድስት የስንዴ ቢራ ይሁን። ልዩ ልዩ ዓይነት ማቅረብ ግድ ከሆነ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከለስላሳው ወደ መራራው ሂዱ፤ ምክንያቱም ብርቱ ምሬት ወይም የተቃጠለ ብቅል ጣዕም አንዴ ምላስ ላይ ከተቀመጠ፣ ከኋላው የሚመጣው ቀጭን ቢራ ውሃ መስሎ ይቀርባል።

በዚህ ረገድ ከራሳችን የቡና ቀማሾች የምንማረው ብዙ ነው። በሰፊው በሚሠራበት የቡና ቅምሻ ሥርዓት ለእያንዳንዱ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፣ ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይቀርባል፣ ቀማሹም መጀመሪያ ደረቁን ዱቄት፣ ቀጥሎ ውሃ የገባበትን አሽትቶ በማንኪያ ይምገዋል፤ ሁሉም የየራሱን ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ስለ ጣዕሙ አይነጋገሩም። ከሁሉ የምወደው ይህንን ዝምታ ነው። እናንተም ብርጭቆዎቹን አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ቢራውን በእኩል መጠን ቅዱ፤ ከተሰብሳቢው አንዱ ወደ ጓዳ ገብቶ ይቅዳና በብርጭቆዎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይለጥፍ፤ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር። በጠረጴዛው ላይ ጮክ ብሎ መጀመሪያ የሚናገር ሰው፣ ሳያስበው የሌሎቹን አምስት ሰዎች ምላስ ይመራል። ያመጣው ሰው እንዳይቀየምም ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ነጥቡ ከተደመረ በኋላ ነውና። ቢራ ግን ከቡና በአንድ ነገር ይለያል፤ ምሬቱ ዘግይቶ ስለሚመጣና ከዋጡት በኋላም ስለሚቆይ፣ እንደ ቡና ቀማሾች ተፍተው ቢፈርዱበት ግማሹ ታሪኩ ይቀራል።

ከዐሥር የሚሰጠውን ነጥብም ብትተዉት ይሻላል። በአሜሪካ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢራ ዳኞችን የሚያሠለጥነውና የሚፈትነው ቢጄሲፒ የተባለው ድርጅት ነጥቡን ከ50 ያደርገዋል፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰማው ውፍረትና ጋዝ 5፣ ለአጠቃላይ ስሜት 10። መልክ ሦስት ነጥብ ብቻ አግኝቶ ሽታ ዐሥራ ሁለት ማግኘቱን ልብ በሉ። ከዚህ የተነሣ ቢራውን ከበረዶ ቤት እንዳወጣችሁት አትቅመሱት፤ በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን ይዞ ይቀራል። ፒልስነር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ ስታውት ደግሞ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ይናገራል። በየመካከሉ ውሃ፣ እንዲሁም ጨው የሌለበት ዳቦ ይበቃል፤ በርበሬ የነካው ምግብ ከቅምሻው በኋላ ይቅረብ።

አሁን ወደ ኮሶው እንመለስ። «ኮሶ ነው» ያሉት ጓደኛችሁ ፍርድ ሰጡ እንጂ ጣዕሙን አልነገሯችሁም። አይፒኤ መራራ እንዲሆን ሆን ተብሎ ይጠመቃል፤ ምሬቱም የሚመጣው ሆፕስ ከሚባለው አበባ ሲሆን፣ አበባው ከብቅሉ ጭማቂ ጋር በፈላ ቁጥር ምሬቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ወይም ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ ሲጨመር ግን ሽታው ይበልጣል። በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበሬ የተለቀቀው ካስኬድ የተባለው የሆፕስ ዝርያ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ሽታ ስላለው የአሜሪካን ክራፍት ቢራ መልክ ከሰጡት ነገሮች አንዱ ሆኗል፤ ሴራ ኔቫዳ የተባለው የካሊፎርኒያ ጠማቂ በ1980 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፔል ኤል የተባለው ቢራ በዚሁ ሆፕስ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጓደኛችሁ የሚጠየቁት ምሬቱ መኖር አለመኖሩን አይደለም። ምሬቱ ቶሎ ይለቃል ወይስ ጉሮሮ ላይ ይጎመዝዛል? ከበታቹ የብቅል ጣፋጭነት ይሰማል ወይስ ብቻውን ቆሟል? የብርቱካኑ ሽታ አለ ወይስ ጠፍቷል? ጠፍቶ ከሆነ በጣሳው ሥር የታተመውን ቀን እዩ፤ አይፒኤ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሚጠጣ ቢራ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሽታው እየሞተ ምሬቱ ብቻውን ይቀራል። ምናልባት ወዳጃችሁ ኮሶ ያሉት ያረጀ አይፒኤ ሊሆን ይችላል።

ለጉድለትም ቃል ማበጀት ያስፈልጋል፤ አማርኛችንም ለዚህ አያንስም። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አየር አግኝቶት አርጅቷል። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸተው ብዙ ጊዜ አፈላሉ ወይም አቀዛቀዙ ተበላሽቶበታል። ቅቤ ቅቤ የሚለው እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ከእርሾው የተለየ ሊሆን ይችላል። በአረንጓዴ ወይም በነጭ ጠርሙስ ሆኖ ፀሐይ ላይ የዋለ ቢራ ደግሞ ከሆፕሱ የተነሣ ደስ የማይል የእንስሳ ሽታ ያመጣል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይደረግ፤ ሙዝና ቅርንፉድ መሽተት ለፒልስነር ነውር ሲሆን፣ ለባቫርያ የስንዴ ቢራ ግን የማንነቱ ምልክት ነው። ዓይነቱን ሳያውቁ ጉድለት መቁጠር የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቦሌ ውስጥ እዚያው ጠምቆ የሚሸጠው ጋርደን ብሮይ ከጓደኞቼ ጋር የምናዘወትረው ቤት ነው። ጓደኞቼ ጥቁሩ ኢቦኒ ፈካ ካለው ብሎንዲ ይልቅ «ኃይለኛ ነው» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ዓይናቸውን ቢሸፈኑ አይለዩትም እላለሁ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጥቁረት ከኃይል ጋር ግንኙነት የለውም። ቀለሙን የሚሰጠው የብቅሉ አቆላል ነው፤ ጠላ ውስጥ አሻሮው በጣም ሲታመስ ጠላው እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ከብቅሉ ጥቂቱ ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ቢራው ይጠቁራል፤ አልኮሉን የሚወስነው ግን እርሾው የበላው ስኳር መጠን ነው። እንደ ከሰል የጠቆረው የአየርላንዱ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ብቻ አልኮል ሲኖረው፣ እንደ ወርቅ የጠራው ትሪፕል የተባለው የቤልጅየም ቢራ 9 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ዓይን መሸፈኑን በተመለከተ ግን ከክርክር ይልቅ ፈተና ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰው ብርሃን የማያሳልፍ ሦስት ስኒ አቅርቡ፤ በሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ፣ በሦስተኛው ሌላኛው ይቀዳ፤ ቀማሹም የትኛው ለየት እንደሚል ብቻ ይናገር። የቢራ ፋብሪካዎች የቅምሻ ክፍሎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አንድ ሰው ምንም ሳያውቅ በዕድል ብቻ ከሦስት አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ስድስት ሰው ብትሆኑና ሁለቱ ቢያገኙት ምንም አልተረጋገጠም፤ አራት ሰው ቢያገኘው እንኳ ዕድል ሊሆን የሚችልበት አጋጣሚ ከዐሥር አንድ ያህል ነው። አምስቱ ካገኙት ግን ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማል ማለት ይቻላል። የእኔን ግምት ከጠየቁኝ ጓደኞችዎ የሚለዩት ይመስለኛል፤ የተቆላ ብቅል ያለ ዓይን ርዳታም በአፍንጫ ይታወቃል። የሚሳሳቱት ልዩነቱን «ኃይል» ብለው በመጥራታቸው ነው።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምኖር እናት ነኝ። ለበዓል ጠላ እጠምቃለሁ። ልጄ ክራፍት ቢራ ከሚወዱ የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለሚያደርጉት ቅምሻ ጠላዬን ልውሰድ ይላል። እንዳያዋርዱብኝ እሰጋለሁ፤ ደግሞስ ቤት መጥመቁ ሕግ ይፈቅዳል?

መልስ፦ ሕጉ ይፈቅዳል። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. በፈረሙት የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤተሰብ ለራሱ መጠጫ በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል ቢራ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። እንዲያውም ዛሬ በአሜሪካ ስማቸው የሚጠራ ብዙ ጠማቂዎች የጀመሩት እንደ እርስዎ በቤታቸው ነው።

ስለ ውርደቱ አይስጉ፤ ብቻ ልጅዎ ጠላውን ከፒልስነር ጎን እንዳያስቀምጡት ለባልደረቦቹ ይንገራቸው። የጠላ ዘመዶቹ ሌሎች ናቸው። በጥንስሱ ውስጥ የተገዛ እርሾ አይገባም፤ በብቅሉ፣ በጌሾውና በጋኑ ላይ የሚኖሩት እርሾዎችና አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች ሥራውን ይሠራሉ። በብራስልስ አካባቢ የሚጠመቀው ላምቢክም እንዲሁ ነው፤ የፈላው ጭማቂ ሌሊቱን በሰፊ ክፍት ገንዳ ሲቀዘቅዝ ከአየሩ የሚገቡት እርሾዎች በእንጨት በርሜል ውስጥ ለዓመታት ያብላሉታል፤ ጠማቂው የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ደባልቆ ጎዝ የተባለውን ቢራ ያወጣል። ጠላዎ ከዚህ ጎን ሲቀርብ ኩምጥጥናው ጉድለት መስሎ አይታይም።

ሌላው ዘመዱ በጀርመን ባምበርግ የሚጠመቀው የጭስ ቢራ ነው። ልዩነቱ ደስ የሚል ነው፦ ባምበርጎች ብቅሉን በቢች እንጨት ጭስ ያደርቃሉ፤ የእኛ እናቶች ግን ጋኑን በወይራ ያጥናሉ። የመጀመሪያው ጭስ ከእህሉ ጋር አብሮ የተጠመቀ ስለሆነ ወፍራምና የሥጋ ጥብስ የሚመስል ሲሆን፣ የእኛ ጭስ ግን መጠጡ ባረፈበት ዕቃ ላይ ስላለ ከአፍንጫ ደርሶ ቶሎ ይለቃል። እናቴ ጠላ ስትቀምስ መጀመሪያ አፍንጫዋን ወደ ዋንጫው አስጠግታ ወይራውን ትፈልግ ነበር፤ ካላገኘችው ጋኑ በደንብ አልታጠነም ትል ነበር። ልጅዎ ይህንን ለባልደረቦቹ ቢያስረዳቸው ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

ለመውሰድ ሲሰናዱ ድፍድፉ በሚገባ ከሰከነ በኋላ ጠልሎ የወጣውን ይስጡት፤ ጉሹን ለቤት ያቆዩት። ጠላ በመንገድም መፍላቱን ስለማይተው በብርጭቆ ጠርሙስ አጥብቆ መክደን አደገኛ ነው፤ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ላላ ብሎ ተከድኖ፣ በበረዶ ሣጥን ይሂድ፤ በዚያው ቀንም ይቀመስ። ከየትኛው እህል እንደ ተጠመቀ፣ ጌሾው ቅጠል ይሁን እንጨት፣ ስንት ቀን እንደ ቆየ በወረቀት ጽፈው ይላኩለት፤ ወረቀቱ ግን ሁሉም ነጥቡን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ይነበብ። ከተቻለም ከጎረቤትዎ ቤት የተጠመቀ ሌላ ጠላ ይጨመር፤ ከላምቢኩ ይልቅ ያ ነው የእርስዎን ጠላ ጠባይ አጥርቶ የሚያሳየው።