በጣና ላይ በትንሽ የሸራ ጀልባ ስለመንሸራሸር፦ ለተነሣው ጥያቄ መልስ

ወንድማችን ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሰው የምትይዝ የሸራ ጀልባ ገዝተው በዕረፍት ቀናቸው ጣና ላይ ለመንሸራሸር እንዳሰቡ ገልጸው፣ ደስታው ከድካሙና ከሥጋቱ ይበልጥ እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚህ ዳርቻ ለዓመታት ሸራ ስዘረጋ የኖርሁ እንደመሆኔ፣ እጅግ ይበልጣል ብዬ እመልሳለሁ። ነገር ግን ደስታውም ሥጋቱም የሚመጡት ከነፋሱ ስለሆነ፣ ከጀልባው ግዢ በፊት ነፋሱን ማወቅ ይቀድማል።

ሌሊት የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ በማለዳ ከመሬት ወደ ሐይቁ ለስለስ ያለ ነፋስ ይወጣል። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ያለች በመሆኗ ይህ ነፋስ ከኋላ እየገፋ ወደ ክብራንና እንጦስ ደሴቶች ያለ ድካም ይወስዳል። ፀሐይ በርትታ የብሱ ሲሞቅ ግን አቅጣጫው ተለውጦ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ነፋሱ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ መቅዘፊያ ሳይዙ መውጣት አይገባም።

ብዙ ጀማሪዎች የከሰዓቱ ነፋስ ወደ ቤት ስለሚመልሳቸው ቀላል ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ የመልስ ጉዞ ነው እላለሁ። ከነፋሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሰው የነፋሱ ብርታት በፊቱ ላይ ስለማይሰማው ሸራውን ሳይቀንስ ይቆያል፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ሸራውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም የማይዘል በመሆኑ ሞገዱ አጭር፣ ተቀራራቢና ቀጥ ብሎ የሚነሣ ነው። ሞገዱ የጀልባዋን ኋላ ገፍቶ ሲያዞራት ሸራው በድንገት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል፤ የሸራው አግዳሚ እንጨትም በመንገዱ ያገኘውን ራስ ይመታል። ስለዚህ ሸራውን ገና ነፋሱ ሳይጠነክር ማሳጠር፣ ሸራውን የሚቆጣጠረውን ገመድም ከጀልባዋ ጋር ሳያስሩ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ በጭንቅ ጊዜ ገመዱን መልቀቅ ከመገልበጥ ሊያድን ይችላልና።

ብትገለበጥስ? ይህን አስቀድመው በመልካም ቀን፣ ሌላ ጀልባ አጠገብዎ ቆሞ፣ ሆን ብለው ቢለማመዱ ይሻላል። ከሆዷ ሥር ወደ ውኃ በሚወርደው ሰሌዳ ላይ ክብደትዎን ጭነው ቀጥ ማድረግ ይቻላል፤ ካልሆነም ጀልባዋን ይዘው ርዳታ ይጠብቁ እንጂ ዳርቻው ቅርብ መሰለኝ ብለው አይዋኙ። የሕይወት አድን ጃኬት ከዳርቻ እስከ ዳርቻ ከሰውነትዎ አይለይ። ደንገል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ መቆም ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም አካባቢ ደግሞ ጉማሬዎች ስላሉ፣ ነፋስ ቢጠፋም የውኃው ፍሰት ወደ ታች ስለሚስብ፣ ያንን አቅጣጫ ለጀማሪ አልመክርም። እምቦጭ የሚበዛው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ቢሆንም ነፋስ ነድቶ ያመጣው ቁራጭ በመሪው ላይ ሲጠመጠም ጀልባዋ አልታዘዝ ትላለች።

ስለ ደስታው ልናገር። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥታ መሄድ ስለማይቻል፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያገደሙ ወደ ዘጌ ሲወጡ፣ የሚገፋዎትን ያንኑ ነፋስ ድል እየነሡ መሄድዎን በእጅዎ ገመድ ላይ ይሰሙታል፤ እኔ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ በውኃ ላይ አላውቅም። ሞተር ስለሌለ ፔሊካኖቹ ሳይበረግጉ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ የደሴቶቹም የማለዳ ደወል ከሩቅ ይሰማል። ከባለቤትዎ ጋር የሚወጡ ከሆነ ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ ወደ ዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ማምራት ይሻላል።

ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ረጅም ምሰሶ ይዞ ሐይቅ ላይ መገኘት አይገባም። በሌላው ወቅትም ለመጀመሪያዎቹ ወራት በከተማው ዳርቻና በክብራን መካከል ተወስነው፣ ንጋት ላይ ወጥተው ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ይመለሱ፤ ከመውጣትዎም በፊት በታንኳ ማልደው የሚያጠምዱትን ሰዎች ስለ ዕለቱ ሰማይ ይጠይቋቸው፤ እነርሱ አንወጣም ካሉ እርስዎም አይውጡ።