የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተሮች ወደ አንድ ወጥ አሠራር ማምጣት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ይኸውም በአንድ አስተዳደር ሥር የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በተለያየ ጊዜና በተለያየ መንገድ ያገኟቸውን ኮምፒውተሮች እንዴት ማሻሻልና በአንድ ሥርዓት መምራት እንደሚችሉ ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ስድስት ትምህርት ቤቶችን በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን ከፊሎቹ በግዢ፣ ከፊሎቹ በስጦታ የመጡ በመሆናቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ቦርዱ በቅርቡ የማሻሻያ በጀት ፈቅዶልናል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ያለውን ሁሉ አስወግደን አንድ ዓይነት አዲስ ማሽን በጅምላ እንግዛ ይላሉ። ይህ ትክክለኛ አካሄድ ነው? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ በጅምላ መግዛት ከችግሩ በአንድ ጊዜ የሚገላግል ይመስላል፤ ነገር ግን በጀቱ ተፈቅዷል ተብሎ ግዢውን ማስቀደም ተገቢ አይመስለኝም። ወጥ መሆን ያለበት በመጀመሪያ አሠራሩ እንጂ የማሽኑ ዓይነት አይደለም። በአንድ ቀን የተገዙ ፍጹም ተመሳሳይ ኮምፒውተሮች እንኳ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ያሻውን ፕሮግራም የሚጭንባቸው፣ የፈለገውን ስም የሚያወጣላቸውና የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ስክሪናቸው ላይ የሚለጥፍባቸው ከሆነ፣ ብዙም ሳይቆዩ እንደ ቀድሞዎቹ የተዘበራረቁ ይሆናሉ። በአንጻሩ ማሽኖቹ ሦስት ዓይነት ቢሆኑም የተጫነባቸው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝርና የአካውንቶቹ አያያዝ አንድ ከሆነ፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ በማግስቱ ሳይቸገር ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ በቆጠራ ይጀምሩ። ቆጠራ ስል የማሽኖቹን ብዛት ብቻ መመዝገብ ማለቴ አይደለም። የእያንዳንዱ ማሽን ፕሮሰሰር የስንተኛ ትውልድ እንደሆነ፣ የራሙ መጠንና ዓይነት፣ ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ይሁን ከእሱ የሚፈጥነው ኤስኤስዲ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስሪትና ፈቃድ፣ እንዲሁም የሚገኝበት ክፍል መመዝገብ አለባቸው። ማሽኖቹ ጥቂት ከሆኑ በኤክሴል ሰንጠረዥ መሥራት ይበቃል፤ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ጂኤልፒአይን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች መረጃውን በኔትወርክ በኩል ይሰበስባሉ። ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኙትን ስዊቾች፣ የዋይፋይ መሣሪያዎቹን፣ ፕሪንተሮቹንና መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆዩትን ዩፒኤሶች አይርሱ፤ አዲስ ኮምፒውተር በአሮጌ ስዊች ላይ ተሰክቶ ዘገየ ተብሎ ሲወቀስ ማየት የተለመደ ነው። መምህራኑንና የሒሳብ ሠራተኞቹንም በየቀኑ የትኛውን ፕሮግራም እንደሚጠቀሙ ይጠይቁ። ደመወዝ የሚሠራበት ፕሮግራም በአንድ ያረጀ ማሽን ላይ ብቻ የሚሄድ መሆኑ ማሽኑ ከተወገደ በኋላ እንዲታወቅ አይፈልጉም።

ከቆጠራው በኋላ በጥቂት ገጾች የተጻፈና ርዕሳነ መምህራኑ ሁሉ የተስማሙበት መመሪያ ያዘጋጁ። በመመሪያው ውስጥ የሚፈቀዱት የማሽን ሞዴሎች ከሁለት ወይም ከሦስት ባይበልጡ ይመረጣል። የማሽኑ ስም የትምህርት ቤቱን መለያ፣ የክፍሉንና የመቀመጫውን ቁጥር የያዘ ይሁን፤ በስልክ እርዳታ የሚጠየቀው ባለሙያ ስሙን እንደሰማ ማሽኑ የት እንዳለ ያውቃል። ለየሞዴሉ አንድ አርአያ ማሽን በጥንቃቄ ከተዘጋጀ በኋላ ይዘቱን ክሎንዚላ ወይም ፎግ በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ይቻላል። ማሽኖቹ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ከመገልበጡ በፊት ሲስፕሬፕ የተባለው መሣሪያ መሮጥ አለበት፤ አለበለዚያ የአርአያው ማሽን የውስጥ መለያ ቁጥር በሁሉም ላይ ይደገማል።

ሙከራውን በአንድ ትምህርት ቤት ይጀምሩ፤ የተሻለ ባለሙያ ያለውን ትምህርት ቤት ግን ለመጀመሪያ ሙከራ አይምረጡ። ጎበዝ ባለሙያ የመመሪያውን ጉድለት በራሱ ችሎታ ሸፍኖ ያልፈዋል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው መካከለኛ አቅም ባለው ትምህርት ቤት ነው። በጀቱንም በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ በየዓመቱ ከማሽኖቹ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን እጅ የመተካት ልማድ ቢያስይዙ፣ ሁሉም በአንድ ዘመን አርጅተው የሁሉንም መተኪያ በጀት እንደገና በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ ይድናሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ትምህርት ቤት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ከዋናው ቢሮ ሁሉም ማሽን ወደ ዊንዶውስ 11 ይሸጋገር የሚል መመሪያ ደርሶናል። ከማሽኖቻችን ብዙዎቹ ግን መስፈርቱን አያሟሉም ይለናል። ልንጥላቸው ነው?

መልስ፦ ለመጣል አይቸኩሉ። መመሪያው የወጣበት ምክንያት ግን በቂ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኖቹ መሥራታቸውን አያቆሙም፤ የሚቆመው አዲስ የተገኙ የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍነው ማሻሻያ ነው። ድርጅቶች በክፍያ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ የተራዘመ ማሻሻያ ማግኘት ስለሚችሉ፣ የሽግግሩን ጊዜ በዚያ መሸፈን ይቻላል።

ዊንዶውስ 11 በትንሹ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይጀምር የሚከለክል አሠራር) እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። እዚህ ላይ በጥንቃቄ የሚታይ ነገር አለ። ፕሮሰሰራቸው ብቁ ሆኖ ሳለ ውድቅ ከተደረጉት ማሽኖች መካከል ቲፒኤም በውስጣቸው እያለ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የመነሻ ቅንብር) ላይ የተዘጋባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። በኢንቴል ማሽኖች ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ማሽኖች ደግሞ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማሽን አስነስተው ወደ ባዮስ ይግቡና ቲፒኤሙን ከፍተው ምርመራውን ይድገሙ።

ፕሮሰሰራቸው በእውነት ያረጀባቸውን ደግሞ በነጻ በሚገኙት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ በሊኑክስ ወይም በክሮምኦኤስ ፍሌክስ፣ ማስነሳት ይቻላል። ለጽሑፍ ሥራ፣ ለኢንተርኔትና ለፕሮግራሚንግ መማሪያ የሚውል ላብ ከዚህ የበለጠ ብዙም አያስፈልገውም። ማሽኑ ቀርፋፋ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ከማንኛውም ሌላ ማሻሻያ ቀድሞ የሚታይ ለውጥ ያመጣል፤ ቀጥሎ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ነው። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 በአንድ ማስገቢያ አይገቡምና ራም ከመግዛትዎ በፊት የቆጠራውን መዝገብ ያመሳክሩ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ያረጁ ኮምፒውተሮች «ኢንተርኔት አልከፍት አለ» ተብለው ወደ መጋዘን ሲላኩ፣ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጠው ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ ማለቅ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ባትሪዋ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ቀኑ የተሳሳተበት ማሽን የድረ ገጹን የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው እንዳልደረሰ ስለሚቆጥረው ገጹን አይከፍትም። ማሽኑ በዶሜይን፣ ማለትም አካውንቶች ሁሉ ከአንድ ሰርቨር በሚመሩበት ሥርዓት፣ የሚተዳደር ከሆነም፣ አሠራሩ ካልተቀየረ በቀር ሰዓቱ ከሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ሲለያይ ተጠቃሚው መግባት አይችልም። እንዲህ ያለው ማሽን ባትሪዋን ቀይሮ ሰዓቱን በማስተካከል ብቻ ወደ ሥራ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ማሽኖቹ አፕዴት እያደረጉ ተማሪዎቼን ያስጠብቁብኝ ስለነበር፣ ቴክኒሻናችን አፕዴቱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶልናል። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አዎን፣ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በብዙ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር። አፕዴቱ ይከፈት፤ የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። ቴክኒሻኑ የትምህርት ሰዓቱን አግልሎ በሳምንት አንድ ምሽት ማሽኖቹ ሳይጠፉ እንዲያድሩ ያድርግ። የኢንተርኔት መስመሩ ደካማ ከሆነም ዊንዶውስ አንድ ማሽን ያወረደውን ማሻሻያ ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲቀባበሉት የሚያደርግ መንገድ አለው። እርስዎ የክፍለ ጊዜዎን ሰሌዳ ለቴክኒሻኑ በጽሑፍ ቢሰጡት ሥራውን ያቀሉለታል።

ጥያቄ፦ በሬጅስትራር ክፍል እሠራለሁ። የሁሉንም ትምህርት ቤቶቻችንን የተማሪ መዝገብ ወደ አንድ ዳታቤዝ እንድናዋህድ ታዘናል። አንዳንዶቹ የቆዩ ፋይሎች ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ያሳያሉ፤ አንድ ተማሪም ሁለት ሦስት ቦታ ተመዝግቦ እናገኘዋለን።

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ከባዱ የእርስዎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማሽን ቢበላሽ ይተካል፣ የተማሪ ውጤት ግን ከተምታታ የልጁን ዕድል ይነካል። ምልክት ብቻ የሚያሳዩት ፋይሎች የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለየቋንቋው ፊደል አንድ የጋራ ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ከመካተቱ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፉ ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ አሠራር እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በራሱ ኮድ ስለሚያስቀምጥ፣ ፋይሉ የሚነበበው የተጻፈበት ፎንት ባለበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። ፎንቱን ፈልጎ መጫን ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ፣ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ስም በስም አመሳክሮ ማስገባት ግን ግድ ነው።

የአንድ ተማሪ መደጋገም በአብዛኛው የሚመጣው ከአጻጻፍ ልዩነት ነው። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ስለዚህ መለያው ስም ሳይሆን ቁጥር ይሁን፤ ቁጥሩም ተማሪው ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዛወር እንዳይለወጥ የትምህርት ቤቱንም ሆነ የክፍሉን ምልክት አይያዝ። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም በልደት የምስክር ወረቀቱ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ለፍለጋ የሚያገለግለው ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ወደ አንድ ተጠቃልለው በሌላ አምድ ይያዝ። ቀን ሲጻፍም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል ይሁን፤ አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ይህንኑ ይከተላል። የአምዱ ርዕስ የትኛውን የዘመን አቆጣጠር እንደሚከተል በግልጽ ይጥቀስ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፋይሎቹ ሦስት ቅጂዎች ይኑርዎት፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጡ፣ አንዱም ከግቢው ውጭ ይሁን። ቅጂውን ከፍተው አንድ ተማሪ መርጠው ሙሉ ውጤቱን አውጥተው እስካላዩ ድረስ መጠባበቂያ አለን አይበሉ። ከውሕደቱ በኋላም አዲሱንና የቀድሞውን አሠራር ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን ያስኪዱና የሁለቱን ውጤት ያነጻጽሩ፤ ልዩነት ሲገኝ የሚያርመው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በስም ይወሰን። የድሮዎቹ ፋይሎች ሙሉ የትምህርት ዓመቱ እስኪዘጋና ካርዶቹ ለወላጆች እስኪሰጡ ድረስ ሳይነኩ ይቆዩ።